የሄሉ ጎርፋ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በሻሸመኔ፥ በሐዋሳ፥ በዲላና በያቤሎ አድርጎ ወደ ደቡብ የሚወርደው መንገድ 770 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ ሞያሌ ይደርሳል። ሞያሌ በአንድ ስም የሚጠሩ ሁለት ከተማዎች ናት፤ የሰሜኑ ወገን የኢትዮጵያ፥ የደቡቡ ወገን የኬንያ ነው። ወሰኑን ዳግማዊ ምኒልክና የእንግሊዝ መንግሥት በ1900 ዓ.ም. በውል ተስማሙበት፤ በ1962 ዓ.ም. ደግሞ ኢትዮጵያና ነጻነቷን ያገኘችው ኬንያ አዲስ ውል ተዋውለው አጸኑት። ይሁን እንጂ መንገደኛው ወሰን ማለፉን የሚያውቀው ከውሉ ይልቅ በመኪናው አካሄድ ነው፤ በኢትዮጵያ ቀኙን ይዞ ይሄድ የነበረው መኪና ኬላውን እንዳለፈ ግራውን ይይዛልና። ሰዓቱ ግን አይለወጥም። ስዋሂሊ የሚናገረውም ሕዝብ እንደ እኛው ሰዓትን ከፀሐይ መውጣት ጀምሮ ስለሚቈጥር፥ የጧቱ አንድ ሰዓት በሁለቱም ወገን አንድ ሰዓት ይባላል።

ወደ ደቡቡ ወገን እንድሻገር ያደረገኝ ጉዳይ ትንሽ ነበር። በሰሜኑ ሞያሌ በአንድ ባልንጀራዬ የጽሕፈት ጠረጴዛ ላይ ብዕርና እርሳስ የተሰካባት፥ ክዳኗ በጠፍር የተንጠለጠለ፥ ቁመቷ ከአንድ ስንዝር የማይበልጥ ስፌት አየሁ። ሰፌድና ሞሰብ ሲሰፋ እያየ ላደገ ሰው አሠራርዋ የሚያስገርም ነበር። ስንደዶም አክርማም የለባትም፤ ቀለም የገባ አለላም የለባትም፤ ነገር ግን ስፌቷ እጅግ የጠበቀ ከመሆኑ የተነሣ እንኳን ውሃ ነፋስም የሚያሳልፍ አይመስልም። ወደ አፍንጫዬ ባቀርባት የወይራ ጢስ ሸተተችኝ።

«ጎርፋ ትባላለች» አለኝ ባልንጀራዬ። «ትልቋ የወተት ዕቃ ናት። ይህችን ግን ሄሉ የምትኖር አንዲት ልጅ ለሽያጭ ብላ የሠራቻት ናት። ቀን የሱቅ ሒሳብ ትጽፋለች፤ ማታ ማታ ትሰፋለች።»

በማግሥቱ ጧት ተሻገርሁ። ኅዳር 30 ቀን 2013 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ጠቅላይ ሚኒስትርና የኬንያ ፕሬዚዳንት ተገኝተው የመረቁት የጋራ ኬላ፥ መንገደኛው የሁለቱን አገሮች ፍተሻ በአንድ ቦታ እንዲጨርስ ታስቦ የተሠራ ነው። ከዚያ ወዲያ መንገዱ ወደ መርሳቢትና ወደ ኢሲዮሎ፥ ቀጥሎም ወደ ናይሮቢ ይሄዳል። በ2009 ዓ.ም. ገደማ አስፋልቱ እስኪያልቅ ድረስ ይህ መንገድ በኮረኮንቹ የታወቀ፥ የጭነት መኪና ነጂ ሁሉ የሚያማርረው ነበር። ሄሉ ከኬንያዋ ሞያሌ ሠፈሮች አንዷ ስትሆን በመርሳቢት ካውንቲ አስተዳደር ሥር ናት። መሬቱ ቀይ፥ የቤቶቹ ጣራ ቆርቆሮ፥ ፍየሉ ከሰው ጋራ መንገድ የሚጋፋ ነው። በከተማይቱ ቦረናው፥ ገብራው፥ ቡርጂው፥ ገሪውና ሌላውም ሶማሌ ተጐራብቶ ይኖራል። አማርኛም በገበያው ውስጥ ይሰማል፤ እርግጥ ነው፥ የሰዋስው መምህር ቢሰማው የሚያርመው ብዙ ነገር ያገኝበታል፤ ነገር ግን ይህ አማርኛ ፍየል ይገዛበታል፥ ዕዳ ይጠየቅበታል፥ ዘመድ ይታረቅበታል። አማርኛን በመማር ላይ ያለው አንባቢዬ በዚህ ይጽናና።

ወደ ቤቱ ከመግባታችን በፊት ስለ ጎርፋ ጥቂት ልናገር። በቦረናና በገብራ ዘንድ ወተት የሚያዝባቸው ዕቃዎች ብዙ ናቸው፤ ማለቢያው ሌላ፥ ማርጊያው ሌላ ነው። ኦኮሌ የሚባለው ማለቢያ ከቆዳ ይሠራል። ጎርፋ ግን የምትሰፋው ከዕፅዋት ጭረት ነው፤ ለዚህም ሥራ ከሚመረጡት አንዱ ቦረናዎች ኤርገምሳ፥ በአማርኛ የሴት ቀስት የሚባለው ተክል ሥር ነው። ሥሩ ተቆፍሮ ይወጣል፤ ይላጣል፤ ጭረቱ ተለይቶ ይለሰልሳል፤ ከዚያም በኋላ በወስፌ እየተበሳ ዙሪያውን እንደ ሞሰብ እየተጠመጠመ ይሰፋል። ያለቀችው ጎርፋ በጠፍር ትታሰራለች፤ አንዳንዷም በዛጎል ታጌጣለች። ወተት ከመግባቱም በፊት ውስጧ ይታጠናል። በደጋው አገር እናቶቻችን የወተቱን ቅል በወይራ እንደሚያጥኑ ሁሉ በዚያም ወይራ ይጨሳል፤ ከግራር ወገን የሆነ እንጨትም ያገለግላል። ጢሱ ዕቃውን ያጠራል፥ ለወተቱም መዓዛ ይሰጠዋል። በእንዲህ ያለች ጎርፋ ውስጥ ወተቱ ይረጋና አጓቱ እየተቀነሰለት ሌላ ወተት ሲጨመርበት ኢቲቱ የሚባለው ወፍራም እርጎ ይሆናል፤ ይህም ያለ ማቀዝቀዣ ለብዙ ጊዜ ሳይበላሽ ይቆያል። ስለዚህ ጎርፋን ጌጥ ብቻ አድርጎ የሚያያት እንግዳ ቢኖር ተሳስቷል። ጎርፋ ለሞቃት አገር የተገኘች ብልኅ ጎተራ ናት።

በቤቱ የተቀበሉኝ ልጅቱና አያቷ ናቸው። ስማቸው በጋዜጣ እንዲወጣ ስላልፈለጉ አልጽፈውም። አያቲቱ ዕድሜአቸው ከሰባ ያለፈ ይመስለኛል፤ ንግግራቸውን ልጅቱ በአማርኛ ትተረጕምልኝ ነበር። እንደ አገሩ ልማድ ቡና ቀላ ቀረበልን፤ ይኸውም ቡናው ሳይፈለፈል ከነገለፈቱ በቅቤ ተጠብሶ የሚቀርብ ነው። ቡናን ተወቅጦና ፈልቶ ብቻ ለሚያውቀው ሰው የመጀመሪያው ጕርሻ ያስደነግጣል፤ ሁለተኛውን ግን ራሱ ይጠይቃል።

ከግድግዳው ላይ ሁለት የረጅም ዘመን ጎርፋዎች ተሰቅለዋል። ጢሱና ቅቤው አንድ ላይ ሆኖ እንደ ተወለወለ እንጨት አጥቁሯቸዋል። እኔም ያለ ማመዛዘን «እማማ፥ አንዱን ቢሸጡልኝ?» አልኋቸው። ልጅቱ ጥያቄውን ለመተርጐም ጥቂት አመነታች። ከተረጐመች በኋላ አሮጊቲቱ አልተቈጡም፤ ነገር ግን ሦስት ጣት አሳዩኝ፥ ቀጥለውም አንዱን አጠፉት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከ2013 ዓ.ም. ጥቅምት ወር ገደማ ጀምሮ እስከ 2015 ዓ.ም. ድረስ በሰሜን ኬንያና በደቡብ ኢትዮጵያ አምስት የዝናም ወራት ተከታትለው ከሸፉ። ቦረናዎች ዋናውን የበልግ ዝናም ጋና፥ የመጸውን ሐጋያ ይሉታል፤ ሁለቱም እየተፈራረቁ ቀሩ። በሁለቱ አገሮች በሚሊዮን የሚቈጠር ከብት አለቀ። በዚህ ቤት ከነበሩት ላሞች የተረፈች አልነበረችም። ወተት ከጠፋ ዘንድ ጎርፋዎቹ ባዶአቸውን ተሰቀሉ፤ በዚያን ጊዜ አንድ መንገደኛ መጥቶ ሦስተኛይቱን ጎርፋ ጠየቀ። አሮጊቲቱ ሰጡት። በዋጋዋ የተገዛው ዱቄት ጥቂት ቀን ብቻ እንደ ቆየ ይናገራሉ። ያች ጎርፋ እናታቸው ሰፍተው፥ እርሳቸው በተዳሩ ጊዜ ይዘዋት የወጡት ነበረች።

«አሁን ላም ብትገኝ» አሉ፥ «ወተቱን በምን እናረጋዋለን? በዚያ?» ብለው በበሩ አጠገብ የቆመውን ቢጫ የፕላስቲክ ጀሪካን በአገጫቸው አመለከቱ። በሞያሌ ገበያ የግመል ወተት የሚሸጡት ሴቶች ዛሬ በአብዛኛው የሚይዙት ጀሪካን ነው። ቀላል ነው፥ አይሰበርም፥ በመኪና ይጫናል፤ ነገር ግን አንገቱ ጠባብ በመሆኑ እጅ ገብቶ አያጥበውም።

ልጅቱ ሥራውን የጀመረችው ከዚያ ድርቅ በኋላ ነው። ስፌቱን ከልጅነቷ ታውቀው ነበር፤ ይሁን እንጂ ለጨዋታ ያህል፥ ከአያቷ ጎን ተቀምጣ ጣቷን ለማፍታታት ነበር እንጂ ገንዘብ ያመጣል ብላ አስባው አታውቅም። የቤቱ አሮጌ ዕቃ ሲሸጥ ስላየች ግን «የሚሸጥ ነገር ካስፈለገ አዲስ ይሸጥ፤ አሮጌው ይቀመጥ» የሚል አሳብ መጣላት። የመጀመሪያይቱን ትንሽ ጎርፋ በሰፋች ጊዜ አያቷ አገላብጠው አይተው ሣቁባት።

«ይህች የስንት ጥጃ ወተት ትይዛለች?» ብለው ጠየቋት።

«ወተት አትይዝም፥ አኮ፤ እርሳስ ትይዛለች» አለቻቸው። አኮ ማለት በቋንቋቸው አያት ማለት ነው።

አሮጊቲቱ ወተት የማይዝ ጎርፋ ምን ትርጕም እንዳለው እስከ ዛሬ ድረስ እንዳልገባቸው ይናገራሉ። ይሁንና ስፌቱ ላልቶ ባዩ ጊዜ ያስፈቷታል፤ እርሳስ ቢይዝም መላላት የለበትምና። እኔ በበኩሌ ይህ የአያቲቱ ቍጣ ለሥራው ከካፒታል የበለጠ ጠቅሞታል እላለሁ።

የጎን ሥራ ሲጀመር የመጀመሪያው ፈተና ገበያ አለመኖሩ ይመስለን ይሆናል። በዚህ ቤት ግን የመጀመሪያው ፈተና ዘመድ ነበር። የመጀመሪያዎቹ አምስት ጎርፋዎች በስጦታ አለቁ፤ አክስት መጥታ አንዱን ወሰደች፥ የጎረቤት ሙሽራ አንዱን ጠየቀች፥ ቤተ ዘመድን ዋጋ መጠየቅ ነውር ሆነ። ቀጥሎም የመጣው ፈተና የዋጋ ነው። ልጅቱ ሒሳብ ጸሓፊ ሳለች የራስዋን ሒሳብ አልያዘችም ነበር! የመጀመሪያውን ሽያጭ በ500 የኬንያ ሽልንግ ሸጣ ደስ ብሏት ዋለች። በኋላ ግን አንድ ሌሊት ደብተር አውጥታ የጠፍሩን፥ የዛጎሉንና የሥሩን ዋጋ 150 ሽልንግ ጻፈች፤ ሰዓቷንም ስትቈጥረው አንዷን ትንሽ ጎርፋ ለመጨረስ 14 ሰዓት እንደ ፈጀባት አገኘች። ከ500 ላይ 150 ሲቀነስ 350 ይቀራል፤ ይህ ለ14 ሲካፈል ሰዓቱ 25 ሽልንግ ብቻ ሆነ። «በዚያ ሌሊት ልተወው አስቤ ነበር» አለችኝ። አልተወችውም፤ ዋጋውን ወደ 1,200 ከፍ አደረገችው። ገዢው ቀነሰ፤ ነገር ግን ለእያንዳንዱ ሰዓት 75 ሽልንግ ስለ ቀረላት ሥራው ቆመ። አሁን በወር ከአራት የበለጠ ትእዛዝ አትቀበልም። የሱቁንም ሥራ አልለቀቀችም፤ ምክንያቱን ስጠይቃት «ሱቁ ቢዘጋ ጎርፋ አለ፤ ጎርፋው ባይሸጥ ሱቅ አለ» ብላ መለሰችልኝ። ደብተሩን አሳየችኝ፤ በአንዱ ገጽ ዕቃ፥ በአንዱ ገጽ ሰዓት፥ በመጨረሻው ገጽ «ዘመድ» የሚል ርእስ አለ። ለዘመድ በዓመት ሦስት ብቻ ትሰጣለች። ይህን ደንብ ካወጣች ወዲህ ሁለት አክስቶች አኩርፈው አንዲቱ ታርቃለች።

እዚህ ላይ አንድ የአማርኛ ቃል አሳሰበኝ። «ሙያ» የሚለውን ቃል አንባቢዬ በመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ላይ ደጋግሞ ያገኘዋል። «ባለሙያ» ሲባል የተማረ፥ በማዕርግ የተመደበ፥ ደመወዝ የሚቈረጥለት ሠራተኛ ነው። ይኸው ቃል ወደ ቤት ሲገባ ግን ሌላ መልክ ይይዛል። «ባለሙያ ናት» የተባለች ሴት ወጥዋ የሚጣፍጥ፥ ጠላዋ የማይበላሽ፥ ስፌቷ የሚያምር ናት፤ ሙያዋ ይመሰገናል እንጂ አይከፈልበትም። ቃሉ አንድ ሆኖ ሳለ በአንዱ ደጃፍ ደመወዝ፥ በሌላው ደጃፍ ምስጋና ያስገኛል። የሄሉዪቱ ልጅ ያደረገችው ነገር ቢመረመር ከሁለተኛው ደጃፍ ወደ አንደኛው መሻገር ነው፤ ለዚህም ጉዞ የይለፍ ወረቀት የሆናት ያ የሰዓት ደብተር ነው። በጎንደርም ሆነ በጎጃም፥ በሐረርም ሆነ በወሎ ስፌት የሚሰፉ እናቶች ሞሰባቸውን ለገበያ ሲያወጡ የሣሩንና የቀለሙን ዋጋ አስበው የጣታቸውን ሳያስቡ እንደሚቀሩ ሁላችንም አይተናል። ገዢዎቹ እኛው ስለ ሆንን አንናገርም።

እርግጥ ሥራው ሲሰፋ ሌላ ችግር ይመጣል። የኬንያ የካምባና የኪኩዩ ሴቶች ከቃጫ የሚሠሩት ኪዮንዶ የሚባል ከረጢት አለ። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ ዓመታት ይህ ከረጢት በአውሮፓና በአሜሪካ ከተማዎች ተፈላጊ ሆኖ ብዙ ሴቶች ገንዘብ አገኙበት። በኋላ ግን በእስያ በመኪና የተሠራ አምሳያው በርካሽ ዋጋ መጣና ገበያውን ተሻማቸው። ይህን ታሪክ ለልጅቱ ባነሣባት ታውቀዋለች። «የእኔን ደግሞ መኪና ሊሠራው ይችላል» አለች፤ «ማጠን ግን አይችልም።» አነጋገርዋ ቢያስደስተኝም ሙሉ በሙሉ አላመንሁበትም፤ ሽታም በጠርሙስ የሚሸጥበት ዘመን ነውና።

ገንዘቡን የምትቀበለው በሁለት ዓይነት ነው። የደቡቡ ገዢ በስልክ በኤም ፔሳ ይልክላታል። ይህ አገልግሎት በኬንያ የተጀመረው በ1999 ዓ.ም. ሲሆን፥ ወደ ኢትዮጵያ የገባው በ2015 ዓ.ም. ነሐሴ ወር ነው። የሰሜኑ ገዢ ግን አብዛኛውን ጊዜ ብር በእጁ ይዞ ይመጣል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ብሩ ስለ ረከሰ፥ ዋጋዋን በብር ከመቍረጧ በፊት የዕለቱን ምንዛሪ ትጠይቃለች። ከትርፉም ላይ በሳምንት ጥቂት ለማኅበር ትከፍላለች። ይህን ማኅበር በኬንያ ቻማ፥ ሶማሌዎቹ አዩቶ፥ እኛ ዕቍብ እንለዋለን። በሄሉ አንድ ማኅበር ውስጥ ሦስቱም ስም ሲጠራ ሰምቻለሁ። ባለፈው ዙር ዕጣው ሲደርሳት የገዛችው ልብስ ወይም ስልክ አልነበረም፤ አንዲት ጊደር ናት። ጊደርዋ በዘመድ መንጋ ውስጥ ናት፥ ገና አልወለደችም።

አያቲቱ ስለ ጊደርዋ ሲነሣ ፊታቸው በራ። ስለ ሥሩ ሲነሣ ግን ተከዙ። የሴት ቀስት በድርቁ ዘመን ቀንሷል፤ ቆፋሪዎቹም ወደ ሩቅ እየሄዱ ነው። እርሳቸው በልጅነታቸው ሲቆፍሩ ከእያንዳንዱ ተክል ከፊሉን ሥር ወስደው ከፊሉን አፈር አልብሰው ይመለሱ ነበር። አሁን በዋጋ የሚቆፍሩት ጎልማሶች ግን ተክሉን ነቅለው ያመጡታል፤ የሚከፈላቸው በሸክም ነውና። ልጅቱ አንዱን ቆፋሪ ከልክላው ነበር፤ እርሱም ሸክሙን ለሌላ ሰው ሸጠ። አሁን ባጥሩ ውስጥ ሦስት ችግኝ ተክላ በተጣራ ውሃ ሳይሆን በልብስ ማለቅለቂያ ውሃ ታጠጣለች። ሁለቱ ለምልመዋል፤ ሦስተኛውን ፍየል በላው። ለስፌት የሚበቃ ሥር ለማውጣት ስንት ዓመት ይፈልጋል ብዬ ብጠይቅ፥ አሮጊቲቱ «እኔ አላየውም፤ እርስዋ ታየዋለች» አሉ።

ፀሐይ ሳይከር ልሄድ ተነሣሁና አንዲት ትንሽ ጎርፋ በ1,200 ሽልንግ ገዛሁ። ዋጋ ለማስቀነስ አፌን ከፍቼ ነበር፤ ነገር ግን ያ ደብተር ጠረጴዛው ላይ እንደ ተዘረጋ ስላየሁት ዘጋሁት። ልጅቱ በወረቀት ልትጠቀልላት ስትል አያቷ ከለከሏት። ከምድጃው ፍም አወጡ፥ የወይራ ስንጥር ጣሉበት፥ ጎርፋይቱን ደፍተው አጠኗት።

«አኮ፥ እርሳስ ነው የሚይዙባት አልኩዎት እኮ» አለች ልጅቱ።

«ይያዙባት» አሉ አሮጊቲቱ፥ «ላም ቢገዙሳ?»

በኬላው ላይ ፈታሹ ክዳንዋን ከፍቶ ውስጧን አየ፥ አሸተተ። «የት ነው የተሰፋችው?» ብሎ ጠየቀኝ። «ሄሉ» አልሁት። ክዳኗን ገጥሞ መለሰልኝ፤ መኪናችንም ከግራ ወደ ቀኝ ተሻግሮ ወደ ሰሜን ሄደ።